ማነው ያዘዘው?

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የማይታይ ሠራተኛ አለ። ፔሮል ላይ ስሙ የለም፤ ሰዓት ፊርማ ላይም የለም። ሥራውን ግን ያለማቋረጥ ይሠራል። ሥራው ፕሪንተር ውስጥ ወረቀት አስቀርቅሮ መሰወር ነው።

የኛ ፕሪንተር የኮሪደሩ ጥግ ላይ፣ ከሻይ ማፍያው አጠገብ ተቀምጧል። ለአምስት ቢሮ አንድ ነው። ድንገት «ቀጭ… ቀጭ… ክርርር» ይልና ጸጥ ይላል። ብርቱካናማዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ትጀምራለች። የራስህን ወረቀት ልታነሳ ስትሄድ በዙሪያው አንድ ሰው የለም።

«ማነው ያዘዘው?» ብለህ በየበሩ ትጠይቃለህ። የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ስልክ ላይ ነው፤ ስልኩ ግን ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ጠፍቷል። የሰው ሀብቷ ልጅ አቀርቅራ ትጽፋለች፤ እስክሪፕቶው ክዳኑ አልተነሳም። የሕግ ባለሙያው «እኔ ዛሬ ምንም አላተምኩም» ይላል፤ እሱን ገና ማንም አልጠየቀውም።

ሲያትም የሁላችን የነበረው ፕሪንተር፣ ጃም ሲያደርግ የማንም ይሆናል።

ከጠፊው በኋላ የሚመጡት ደግሞ በየዓይነታቸው ናቸው። የመጀመሪያው ጎታች ነው። የወረቀቱ ጫፍ ብቅ ብሎ ካየ በአንድ እጁ ጨብጦ ወደ ራሱ ይስባል። ወረቀቱ ወዴት ይሄድ እንደነበር አይጠይቅም። ግማሹ እጁ ላይ፣ ግማሹ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ይቀራል። እሱ ግን «አወጣሁት!» ብሎ በግማሽ ድል ወደ ቢሮው ይመለሳል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ያሉት አባቶች ይህን ሰው ሳያዩት አልቀሩም።

ሁለተኛው መቺ ነው። ጎኑን በመዳፉ ጠፍ ጠፍ ያደርገዋል። ይህ ሰው ያደገው ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ነው። ያኔ ይሠራ ነበር።

ሦስተኛው ከፋች ነው። የሚከፈተውን ሁሉ ይከፍታል፤ የፊቱን ክዳን፣ የኋላውን፣ ትሪውን፣ አንዳንዴም የማይከፈተውን። ከዚያ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «አይ፣ ይሄ የቻይና ነው» ይልና ይሄዳል። የት እንደተሠራ ማወቁ የከፈተውን የሚዘጋለት ይመስል።

አራተኛው ማጥፊያውን ይጫናል። እዚህ ላይ መለየት ያስፈልጋል። አጥፍቶ የሚያበራ አለ፤ አጥፍቶ የሚሄድም አለ። ሁለተኛውን እኛ ቢሮ «አጥፍቶ ጠፊ» እንለዋለን።

አምስተኞቹ በቁጥር ይበልጣሉ። አንዴ ገልመጥ አድርገውት ይመለሱና ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ፕሪንተር መርጠው እዚያ ያዛሉ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ላይም «ማነው ያዘዘው?» ይባላል።

ጥገናውን የሚያውቅ አንድ ልጅ አለን። «አይቲው» እንለዋለን። ስሙን የሚያውቀው የሰው ሀብት ብቻ ነው። አይቲው ከላይ ተጠርቶ ሲመጣ ፕሪንተሩ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ሆኖ ይቆያል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እኛ ጋ ተገልብጦ ውሻው ሲደርስ ጅቡ ይሄዳል።

«ምን ሆኖ ነበር?» ይላል።

«ነክሶ ነበር።»

«ምን ነክታችሁ ነበር?»

«ምንም።»

በዚህች «ምንም» ላይ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ አንድ ነው። ሌላ የጋራ አቋም ይዘን አናውቅም።

ልጁ ግን ታጋሽ ነው፤ ለጠየቀው ያስረዳል። ፕሪንተር ወረቀት እንደያዘ የሚያውቀው አይቶ አይደለም፤ ዓይን የለውም አለኝ። የሚያውቀው በሰዓት ነው። ላስቲኩ ሮለር አንዷን ወረቀት ከትሪው ሲያነሳ ጊዜ መቁጠር ይጀምራል። በመንገዷ ላይ ትናንሽ የፕላስቲክ ምላሶች አሉ። ወረቀቷ ስታልፍ ትገፋቸዋለች፤ ምላሷ ስትነቃነቅ አንዲት የብርሃን ጨረር ትከፈታለች ወይም ትጋረዳለች። ወረቀቷ እዚህች ምላስ ጋ በዚህን ያህል ጊዜ መድረስ፣ በዚህን ያህል ጊዜ ደግሞ ለቅቃ መሄድ አለባት። ካልደረሰች ቆማለች። ካልለቀቀችም ቆማለች። ማሽኑ ያን ጊዜ ሥራውን ሁሉ ያቆምና መብራቱን አብርቶ «ወረቀት ይዣለሁ፤ የያዝኩትም እዚህ ጋ ነው» ይላል።

ይህን ሲነግረኝ ዓይኔ ከፕሪንተሩ በላይ ወደተለጠፈው የዜጎች ቻርተር ሄደ። ቻርተሩ በመስተዋት ተለብጦ በሰንጠረዥ የተሰናዳ ነው፤ አገልግሎቱ፣ የሚወስደው ጊዜ፣ ከተገልጋዩ የሚጠበቀው። ማስረጃ ለመስጠት በደቂቃ የሚቆጠር ጊዜ ተቀምጦለታል። እውነቱን ለመናገር በሕንፃው ውስጥ ቻርተር አክብሮ የሚሠራው ፕሪንተሩ ብቻ ነው። ወረቀት በጊዜዋ ካልደረሰች በሰከንዶች ውስጥ አደባባይ ላይ ያወጣታል።

እኛ ዘንድ ግን አንድ ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት ተነስቶ አንድ ጠረጴዛ ላይ ወር ቢተኛ የምትበራ መብራት የለችም። ባለጉዳዩ «የት ደረሰ?» ሲል «በሂደት ላይ ነው» ይባላል። እርግጥ ፕሪንተርም «በሂደት ላይ» ብሎ ይጽፋል፤ እሱ ግን የሚጽፈው እየሠራ ከሆነ ነው።

የመዝገብ ቤቷ እትዬ ይህን ምስጋና አይቀበሉትም። ጡረታቸው ደርሷል፤ ሥራ የጀመሩት በጽሕፈት መኪና ዘመን ነው። የኢንጂነር አያና ብሩ ልፋት ፊደላችንን የጽሕፈት መኪና ላይ ካወጣው ወዲህ እትዬ ሌላ ማሽን አያስፈልግም ባይ ናቸው። «የጽሕፈት መኪና ወረቀት ነክሶ አያውቅም» ይላሉ፤ «ጣት ነበር የሚነክሰው። ጣት ደግሞ ያወጡታል።» በዚያ ላይ በካርቦን የሚወጣው ቅጂ ከሦስት አራት አያልፍም ነበርና ደብዳቤ የሚደርሰው ለሚመለከተው ብቻ ነበር። ዛሬ ግልባጩ ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም ነው። አንድ አንቀጽ ደብዳቤ ከሥሩ ዘጠኝ «ግልባጭ» አሰልፎ ሲመጣ ፕሪንተሩ ቢነክስ ምን ይፈረድበታል?

የፕሪንተሩ የዘር ሐረግም ቢሆን ከቢሮ ምሬት የተመዘዘ ነው። ቼስተር ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ የፓተንት ክፍል ሠራተኛ ነበር፤ ሰነድ በእጅ መገልበጥ ሰልችቶታል፣ መገጣጠሚያውንም ያመው ነበር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1938 ኒው ዮርክ ውስጥ አስቶሪያ በሚባል ሰፈር፣ ከረዳቱ ከኦቶ ኮርናይ ጋር ሆኖ በኤሌክትሪክ ሙላትና በደረቅ ዱቄት የመጀመሪያውን ጽሑፍ ገለበጠ። ጽሑፉ ሌላ አልነበረም፤ ቀኑና የሰፈሩ ስም ብቻ። ቀንና ቦታ ካለ ምን ቀረው? ቁጥርና ማህተም።

ከዚያ ግኝት እ.ኤ.አ. በ1959 ዜሮክስ 914 የተባለው ታላቅ የቢሮ ማባዣ ተወለደ። ይህ ማሽን ወረቀት ሲይዝ እንደኛው መብራት አብርቶ ብቻ አይቆምም፤ የያዘው ወረቀት ሙቀቱ አጠገብ ይጨስ፣ አንዳንዴም ይቀጣጠል ነበር። ኩባንያው መላ አበጀ፤ ከማሽኑ ጋር ትንሽ እሳት ማጥፊያ መስጠት ጀመረ። «እሳት ማጥፊያ» ብሎ መጥራት ግን ደንበኛ ያስደነግጣል፤ ስለዚህ «የመለብለብ ማስወገጃ» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጣለት። ይህን ሳነብ ዘመዶቻችን መሆናቸውን ተረዳሁ። እኛም ሪፖርት ላይ «ችግር አለ» አንልም፤ «መጠነኛ ክፍተት ተስተውሏል» ነው የምንለው።

የዛሬውም ማሽን ሆዱ ሙቅ ነው። ቶነር የምንለው ቀለም ሳይሆን እጅግ የላመ የፕላስቲክ ዱቄት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ቀልጦ የሚጣበቀው ፊውዘር በሚባለው፣ ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ክፍል ውስጥ ሲያልፍ ነው። ጎታቹ ወዳጃችን እጁን የሚሰድደው ወደዚህ ነው። እትዬ እንዳሉት ጣት ያወጡታል፤ በምን ሁኔታ እንደሚወጣ ግን አልተናገሩም።

ፕሪንተራችን የሚታመምበት ወር የታወቀ ነው፤ ሰኔ። ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል። ዓመቱን ሙሉ ያልተጻፈው ሪፖርት ይጻፋል፣ ያልተገዛው ይገዛል፣ ያልተወራረደው ይወራረዳል፣ ሁሉም በሦስት ቅጂ ይታተማል። አንዱ ቅጂ ለፋይል፣ አንዱ ለኃላፊ፣ አንዱ ደግሞ እንዳይጠፋ። በዚሁ ወር ታዲያ በጀት ሲዘጋ ሰማይ ይከፈታል።

ወረቀት ውሃ ይጠጣል። ከፋብሪካ ሲወጣ ከክብደቱ 5 በመቶ ገደማ ውሃ ነው፤ ልኩም ያ ነው። ደስጣው ተቀዶ በአዲስ አበባ ክረምት ክፍቱን ካደረ ግን ከአየሩ እየሳበ ይለሰልሳል፣ ጠርዙ ይሞገዳል፣ አንዱ ከሌላው ይጣበቃል። ሮለሩ አንድ አነሳለሁ ብሎ ሦስት ያነሳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ ወረቀት ቢያብር ፕሪንተር ያስር። ሮለሩን ቢያመልጥ እንኳ ፊውዘሩ ጋ ሌላ ጣጣ አለ። እርጥብ ወረቀት ሲግል ውሃው ባንዴ ይወጣና ይጠቀለላል፤ ተጠቅልሎም መውጫውን ይስታል።

አንድ ክረምት እትዬ «ወረቀቱ ረጥቧል» ብለው ሲያማርሩ የጽዳት ሠራተኛችን ሰማች። ደግ ሴት ናት፤ የሰው ችግር አይታ አታልፍም። ደመናው ገለጥ ሲል አንድ ሙሉ ደስጣ ግቢ አውጥታ እንደ በርበሬ አሰጣችው። 500 ወረቀት ማለት ነው። ከዚያ ነፋስ መጣ። ጥበቃዎቹ፣ ሾፌሮቹ፣ የግዥ ኮሚቴው፣ ኋላም ዳይሬክተሩ ራሳቸው ከረባታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወረቀት ሲያሳድዱ ዋሉ። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በሙሉ ለአንድ ዓላማ ሲሮጥ የታየው ያን ቀን ነው። በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይም «የቡድን መንፈስን የሚያጎለብት የመስክ እንቅስቃሴ ተካሂዷል» ተብሎ ገብቷል።

መድኃኒቱ ግን ፀሐይ አልነበረም። ወረቀት ከመጠቅለያው የሚወጣው ትሪ ውስጥ ሊገባ ሲል ብቻ ነው፤ መጠቅለያው የተለበጠው እርጥበት እንዳያስገባ ነውና። የተረፈው ተመልሶ እዚያው ይጠቀለላል። ደስጣ ሲሚንቶ ወለል ላይ አይደረደርም፤ ከግድግዳም ፈቀቅ ይላል። ከቀዝቃዛ መጋዘን የመጣ ሳይከፈት ቢሮ ውስጥ ቢያድር የክፍሉን አየር ይለምዳል። ከማስገባት በፊት ጠርዙን በአውራ ጣት እያርገበገቡ አየር መስጠት፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ማስተካከል ነው። ጣትን በምራቅ ማራስ የብር ቆጣሪ ልማድ ነው፤ እዚህ አያስፈልግም። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ አየሩ ይደርቅና ወረቀቱ በኤሌክትሪክ ሙላት ይጣበቃል። ያኔም ማርገብገብ ነው።

ትሪው ውስጥ ከዚህ በላይ አትሙሉ የምትል መስመር አለች። ይህችን መስመር አይቶ የሚያቆም ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ቦታ እያለ መተው እኛ ዘንድ ብክነት ነው። በጎን ያሉት መያዣዎችም ወረቀቱን ይንኩት እንጂ አይጫኑት። ሲላሉ ወረቀቱ ዘሞ ይገባል፤ ሲጠብቁ ሆዱ ይነፋል።

ስለ ብክነት ካነሳን የቁጠባ ሰርኩላሩን ሳላነሳ አላልፍም። «አንድ ጎኑ ነጭ የሆነ ወረቀት እንደገና ጥቅም ላይ ይዋል» የሚል ነበር። ሐሳቡ ቅዱስ ነው። ታዲያ ሁለተኛ የሚታተመው ወረቀት አንዴ ግሎ የተጠቀለለ፣ ታጥፎ የኖረ፣ ጥጉ ላይ የስቴፕለር ሽቦ የቀረበት፣ አንዳንዴም አግራፉ ያልወለቀለት ነው። ሽቦዋ ገብታ ሮለሩን ትቧጭራለች። በአንድ ወረቀት ቁጠባ የሺህ ብሮች ጥገና።

በዚያ ላይ ወረቀት ጀርባ አለው። አንድ ባልደረባችን የዓመት ፈቃድ ማመልከቻውን አትሞ ለኃላፊው አስገባ። ኃላፊው ፈርመው መለሱለት፤ ገልበጥ ቢያደርገው ጀርባው ላይ ስለ እሱ የተመከረበት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ገጽ 2 ነበር። ገጽ 1ን ፍለጋ ለአንድ ሳምንት የተጣለ ወረቀት ሁሉ ሲያገላብጥ ሰነበተ። ፈቃዱንም ያሳለፈው በዚሁ ነው።

ሌላው የባሕር ማዶ ጣጣ ነው። አሜሪካ ያለች እህቱ ቅጽ ልካለት ሊያትም የመጣ ሰው ትሪው በወረቀት ተሞልቶ ሳለ ማሽኑ «ሌተር ጨምር» ይለዋል። ሌተር የአሜሪካና የካናዳ የወረቀት ልክ ነው፤ 216 በ279 ሚሊሜትር። የኛው ኤ4 መነሻው በ1922 እ.ኤ.አ. የወጣ የጀርመን መለኪያ ነው፤ 210 በ297። ኤ4 በ18 ሚሊሜትር ይረዝማል። ማሽኑ በሰዓት ነው የሚያምነው ብለናል፤ ሌተር ነው ብለውት ኤ4 ቢያሳልፉበት ወረቀቱ ምላሷን በተባለው ጊዜ አይለቅም፤ እሱም ያዝኩ ይላል። መፍትሔው ከማዘዝ በፊት የወረቀቱን ልክ ወደ ኤ4 መቀየር ነው። ሰውዬው ግን ስልኩን አንስቶ «እዚያ ሳለሽ ትክክለኛውን አትልኪም?» ብሎ እህቱን ተቆጣ።

ሮለሩም ያረጃል። ላስቲኩ ይደርቅና ወረቀት መጨበጥ ያቅተዋል፤ ላይ ላዩን ይንሸራተታል። አይቲው ይህን ደርሶበት አዲስ ሮለር ይገዛ አለ። ዋጋው ከአንድ ምሳ ግብዣ አይበልጥም። ንብረት ክፍል «ሞዴል 20 ሙላ» አለው። ሞዴል 20 ከማያያዣ ደብዳቤ ጋር ነው የሚቀርበው፤ ደብዳቤው ታትሞ ይፈረምበታል። የት ይታተም? ፕሪንተሩ ላይ። ፕሪንተሩ ምን ሆኗል? ሮለሩ አርጅቷል። ግዥ ክፍል ደግሞ ሦስት ፕሮፎርማ ይላል፤ ፕሮፎርማው ሲሰበሰብ የዋጋ ማወዳደሪያ ቃለ ጉባኤ ይላል፤ ቃለ ጉባኤው በአራት ቅጂ ነው።

ልጁ ምን አደረገ? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብሎ አሮጌውን ሮለር አወለቀው፤ ክር በማይለቅ ንጹሕ ጨርቅ፣ ውሃ ጠብ አድርጎበት ጠረገው። አቧራው ሲለቅ ላስቲኩ መጨበጥ ጀመረ። ፕሪንተሩ አሁንም በሱ ይሠራል። ግዥው በሂደት ላይ ነው።

ሰው ሁሉ ጃም አይቶ እንደኛ አይሸሽም። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ አሜሪካ ኤም.አይ.ቲ. በተባለው ተቋም ቤተ ሙከራ ውስጥ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። የእነሱ ፕሪንተር የተቀመጠው ሌላ ፎቅ ላይ ነው። ሰው አዝዞ ቆይቶ ሲሄድ ማሽኑ ከረጅም ጊዜ በፊት ቆሞ ያገኘዋል። ስቶልማን በቀድሞው ፕሪንተር ፕሮግራም ላይ አንዲት ነገር ጨምሮ ነበር፤ ማሽኑ ወረቀት ሲይዝ ወረፋ ለሚጠብቁት ሁሉ «ፕሪንተሩ ይዟልና አስተካክሉት» የሚል መልእክት በኮምፒውተራቸው ይደርሳቸዋል። ከጠባቂዎቹ አንዱ ተነስቶ ይሄዳል። አዲስ ማሽን ሲመጣ ግን የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ የሚሰጠው አጣ፤ ኮዱ ያለው ሰው ለማንም ላለመስጠት ፈርሚያለሁ አለው። በዚህ የተነሳው ቁጭት እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ዘመቻ ካስነሱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። እንግዲህ ዓለም ዛሬ የሚሠራበት ስንት ሶፍትዌር ጃም ካደረገ ፕሪንተር ሥር ዱካው ይገኛል።

እኛም መልእክት ማስተላለፊያ አለን፤ ሻይ የምታዞረው ልጅ ናት። «ሁለተኛ ፎቅ ነክሷል» እያለች ከቢሮ ቢሮ ታደርሳለች። ልዩነቱ፣ የእነሱ ሰው መልእክቱ ሲደርሰው ተነስቶ ወደ ፕሪንተሩ ይሄዳል። የኛ ሰው ሻዩን ይጨርሳል።

በቅርቡ አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን የሥራ ዘመን ማስረጃ ሊወስዱ መጡ። ለጡረታ ነው። ያዘሉት ፋይል ወፍራም ነው። 80 ግራም የሚባለው ተራ ኤ4 አንዱ 5 ግራም ይመዝናል፤ 200ው ኪሎ ይሞላል። የእማማ ፋይል ከኪሎ ያልፋል። «ጉዳይዎ ከባድ ነው» ይሏቸው የነበረው ለካ በሚዛን ነው። የቀራቸው አንዲት ገጽ ናት። ታዘዘች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ክርርር።

«ምን ሆነ ልጄ?» አሉ።

«ወረቀት ያዘ፣ እማማ።»

«የት ጋ?»

አይቲው የማሽኑን ትንሽ ማያ አሳያቸው። ሥዕሉ ላይ የኋላው ክዳን ቀልቷል። «ይኸው፣ እዚህ ጋ።»

«ራሱ ነው የተናገረው?»

«ራሱ።»

እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ፕሪንተሩን በአክብሮት አዩት። በዚያ ቤት ጉዳያቸው የት እንደቆመ በትክክል የነገራቸው እሱ የመጀመሪያው ነው።

ልጁ ማሽኑን አጥፍቶ ፊውዘሩ እስኪበርድ ጠበቀ። ከፋቹ ቢላዋ ሊያመጣ ወደ ክበቡ ሲሮጥ «ጋሼ፣ ብረት አይነካውም» ብሎ መለሰው። የፊቱን ክዳን ከፍቶ ካርትሪጁን አወጣና ድረሙ ብርሃን እንዳይመታው ጋዜጣ አለበሰው። ከኋላ በኩል ወረቀቱን በሁለት እጁ፣ ግራና ቀኙን እኩል ይዞ፣ ወረቀቱ ይሄድ በነበረበት አቅጣጫ በዝግታ ሳበው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የእማማ ደብዳቤ ተጨማድዶ ወጣ።

ክዳኑን ዘግቶ አበራው። አሁንም «ወረቀት ይዣለሁ» አለ። ቢያዩ ምንም የለም።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» አሉ እትዬ ከበሩ ላይ ሆነው።

«ውላለች» አለ ልጁ። ከጎኑ ያለውን ቆሻሻ መጣያ ገልብጦ ጎታቹ ጠዋት የወረወራቸውን ቁርጥራጮች ጠረጴዛ ላይ ገጣጠማቸው። አንድ ጥግ ጎደለ፤ ጥፍር የምታክል። የሙያው ዋና ምሥጢር የወጣውን ገጣጥሞ ማየት ነው፤ የጎደለ ካለ ውስጥ ነው ያለው። በባትሪ አበራና አንዷን የፕላስቲክ ምላስ ደግፋ የተቀመጠችውን ቁራጭ አወጣት።

ወረቀቱ ሲገጣጠም ግን መነበብ ጀመረ። «ጉዳዩ፦ የሥራ መደብ ማመልከቻን ይመለከታል» ይላል። የተጻፈው ለሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ከሥሩ ያለው ስም የሕግ ባለሙያው ነው፤ ዛሬ ምንም ያላተመው።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል። ፕሪንተር ደግሞ የጀመረውን ሥራ አይረሳም፤ ጃሙ ሲለቅ በኮምፒውተር ወረፋ የቀረውን ያወጣል። ክዳኑ እንደተዘጋ የሕግ ባለሙያው የትምህርትና የሥራ ልምድ መግለጫ በሦስት ቅጂ ተከታትሎ ወጣ። ዳይሬክተሩ በዚያው ሲያልፉ አንዱን አንስተው አነበቡት። «እዚህ ላይ ‹በኃላፊነት ስሜት የምሠራ› ብሏል» አሉና መልሰው አስቀመጡት።

ከሱ ቀጥሎ የእማማ ደብዳቤ ወጣ። ነጭ፣ ያልተጨማደደ፣ ገና ሙቅ ነው። እማማ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ልጁን መረቁት፤ ፕሪንተሩንም ጨምረው።

«ማህተም ብቻ ነው የቀረዎት» አልናቸው።

«የት ነው?»

«እዚያ በር ጋ።»

በሩ ተዘግቷል። ማህተም ያዧ ስብሰባ ገብተዋል፤ ቁልፉ ከሳቸው ጋ ነው። መቼ እንደሚወጡ የሚያውቅ ሰው የለም። በሩ ላይ መብራትም ሆነ ሥዕል አልተደረገበትም። እማማ ደብዳቤያቸውን እንደያዙ በሩን ከላይ እስከ ታች ከመረመሩ በኋላ ወደ አይቲው ዞሩ።

«ልጄ፣ የዚህኛውስ ክዳን በየት በኩል ነው የሚከፈተው?»